የፀጉር ቤቱ ችፌ

[ጠባብ ፀጉር ቤት። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ። ቀሴ የሚባለው ፀጉር አስተካካይ እጁ ላይ የወጣበት ችፌ አልለቅ ብሎት ሲሰቃይ ነው የከረመው። ዛሬ ደግሞ የቤቱ ባለቤት እትዬ መጥተው እጁን ሊያዩ ነው፤ ካላማራቸው ወንበሩን ለቆ ይሄዳል። የልጆች አባት ነው፣ ምስኪን! እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ወትፎ ቆሟል። ባልደረባው ሊቁ ግን ጭንቅም አልነካው። ሊቁ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አላውቅም አይልም። እጁን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በፎጣው ማበጠሪያ አንጠልጥሎ ይጮሃል።]

ሊቁ፦ ነክተኸዋል!

ቀሴ፦ አልነካሁትም አልኩህ እኮ!

ሊቁ፦ ታዲያ ማን አዞረው? ሳስቀምጠው ጥርሱ ወደ መስታወቱ ነበር፣ ሳነሳው ወደ በሩ ዞሯል።

ቀሴ፦ እትዬ ሲመጡ ሊያይ ይሆናላ።

ሊቁ፦ አትቀልድ! ችፌ እኮ ይጋባል። በማበጠሪያ ይጋባል፣ በፎጣ ይጋባል፣ በሰላምታ ይጋባል።

ቀሴ፦ በስልክስ?

ሊቁ፦ [ትንሽ አስቦ] ጆሮህ ላይ ካስጠጋኸው... አዎ።

ቀሴ፦ ወይ ጉዴ! ትናንት ለእናቴ ደውዬላት ነበር!

ሊቁ፦ ይኸው! ሴትዮዋንም ጨረስካት። ጥፋቱ የራስህ ነው፤ ያልኩህን በሥርዓቱ ብታደርግ ኖሮ ይሄኔ ድነህ ነበር። ሎሚውን ቀባኸው?

ቀሴ፦ ቀባሁት።

ሊቁ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ቀሴ፦ ጮህኩ።

ሊቁ፦ ጎሽ! ካስጮኸህ ሥር ድረስ ገብቷል ማለት ነው።

ቀሴ፦ ሥር ድረስስ ገባ። ጎረቤቶቼ ሚስቴ የደበደበችኝ መስሏቸው ሊያስታርቁን መጡ። እሷም ነገሩ ግራ ገብቷት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ሊቁ፦ በረኪናውስ?

ቀሴ፦ ሱሪዬ ነጣ፣ እጄ ቀላ።

ሊቁ፦ ግሪሱስ? መኪና ያለ ግሪስ ይሄዳል? እጅም መገጣጠሚያ ያለው ነገር ነው።

ቀሴ፦ ኧረ እሱንስ ተወው! ግሪሱን ተቀብቼ ሰው ልላጭ ስል ምላጩ አሟለጨኝና የሰውየውን ጢም በግማሽ ይዞት ወረደ። እንዲመጣጠን ብዬ ያኛውንም ላጨሁለት። ቤቱ ሲገባ ልጁ አላውቅህም ብሎ በሩን ዘግቶበታል አሉ።

ሊቁ፦ እጅህን ሸፍነው አላልኩህም?

ቀሴ፦ ሸፈንኩት እንጂ! የብርድ ጓንት አጥልቄ፣ ምላጭ ይዤ ከኋላው ብመጣበት ደንበኛው ከነሳሙና አረፋው ብድግ ብሎ ሮጠ። ፎጣችንም አብሮት ሄደ።

ሊቁ፦ ካንተ ጋር መነጋገር ድንጋይ መግፋት ነው። እስቲ ልታጠብ።

[ጀርባውን ሰጥቶት ወደ መታጠቢያው ዞረ። እንፋሎቱ መስታወቱን አለበሰው፤ የበረኪናው ሽታ ቀሴን አስነጠሰው።]

ቀሴ፦ አሁን ታጥበህ አልነበር እንዴ?

ሊቁ፦ ካንተ እንዳይጋባብኝ ነዋ! እንኳን አንተን፣ የነካኸውን በር ስነካ እታጠባለሁ። ሳሙናውን ከነካሁም መልሼ እታጠባለሁ።

ቀሴ፦ ሁልጊዜ በበረኪና?

ሊቁ፦ በበረኪና፣ በሚፋጅ ውሃ፣ ማሳረጊያው ሎሚ። እኔ ለሰው የምመክረውን መጀመሪያ በራሴ ነው የምሠራው።

ቀሴ፦ እኔ የምለው፣ ለእትዬ ይጋባል ብሎ የነገራቸው ማነው?

ሊቁ፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] እኔማ... ለቤቱ ስም ተቆርቁሬ ነው።

ቀሴ፦ የእኔ ወንበር በር አጠገብ ስለሆነ፣ የገባው ሁሉ እኔ ጋ ስለሚቀመጥ አይደለም?

ሊቁ፦ እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ ከየት አመጣህ?

ቀሴ፦ ትናንት ወንበሬን በቁመትህ ልክ ስታስተካክለው አይቼህ ነዋ።

[ቀሴ ሞኝ ነው ይሉታል እንጂ አብሮ የሚበላ ባልደረባ እንዲህ ሲያደርግበት ሞኝም ይከፋዋል።]

ሊቁ፦ ያለፈው አልፏል። ይልቅ እትዬ ሳይደርሱ እጅህን አሳየኝና የምትላቸውን ልምከርህ።

[ቀሴ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ትንሽ ደረቅ ብሏል እንጂ ንጹሕ እጅ ነው።]

ሊቁ፦ የታለ?

ቀሴ፦ ምኑ?

ሊቁ፦ ችፌው ነዋ!

ቀሴ፦ ያንተ መድኃኒት ቆዳዬን ሲተረትረው ሐኪም ቤት ሄድኩ። የቆዳ ሐኪሟ ምን ስትቀባ ነበር አሉኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና “ይሄን ያዘዘልህ ሰው ጠላትህ ነው?” አሉኝ። “ኧረ ጓደኛዬ ነው” አልኳቸው።

ሊቁ፦ እና ምን ሰጡህ?

ቀሴ፦ የሚቀባ መድኃኒት። ሻል ሲልህ ወዲያው እንዳታቋርጥ ብለው አስጠነቀቁኝ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ በታጠብኩ ቁጥር ወፈር ያለ ቅባት። የሰው ፀጉር ሳጥብ ደግሞ ከሥር ስስ የጥጥ ጓንት፣ ከላይ የላስቲክ። ጨርሶ አይለቅህ ይሆናል፣ እየተመላለሰ ያስቸግርሃል፣ ከተጠነቀቅክለት ግን ይተውሃል አሉኝ። ደግሞም አይጋባም አሉ።

ሊቁ፦ አይጋባም? አይጋባም?! ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

[ፎጣውን ወረወረና እጁን ዘረጋ። ኧረ የሰው ያለህ! ቀልቷል፣ አብጧል፣ ጣቱ መሐል ተሰነጣጥቋል።]

ቀሴ፦ ውይ! ውይ ወንድሜን!

ሊቁ፦ አንተ ነህ ያጋባህብኝ! ሳክ ነው የማድረው!

ቀሴ፦ በረኪናው ነዋ! እኔን ያቃጠለኝ አንተን ሊያለሰልስህ ኖሯል?

[ከደጅ የእትዬ ድምፅ ተሰማ፤ ከጎረቤቱ ባለሱቅ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጡ ነው። የሊቁ ፊት አመድ መሰለ።]

ሊቁ፦ መጡ! ቶሎ በል፣ ጓንትህን አውሰኝ!

ቀሴ፦ የእኔን ጓንት? ይጋባብሃል እኮ!

ሊቁ፦ አይጋባም! አይጋባም አልኩህ! በልጆችህ ሞት፣ ቀድመህ ውጣና ችፌ አይጋባም በላቸው!

ቀሴ፦ ብያቸው ነበር እኮ።

ሊቁ፦ ተባረክ! ምን አሉህ ታዲያ?

ቀሴ፦ “አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ? ሊቁ ይጋባል ብሎኛል” አሉኝ።