ንጉሡና የተነፈሰው ጎማ

ሸፊቅ፦ የጎማው ነፋስ ልክ ሠላሳ አምስት ነው ስልህ።

ነጋ፦ የመኪናህ በር ላይ ሠላሳ ሁለት ይላል።

ሸፊቅ፦ በሩ ላይ የጻፈው ሰው በአትላንታ ሐምሌ ነድቶ ያውቃል?

ነጋ፦ እኔ እንጃ።

ሸፊቅ፦ አያውቅም። ስለዚህ ሠላሳ አምስት።

ነጋ፦ እሺ። ግን ጎማው ምንም አልሆነም እኮ። ሚስማር የለው፣ አልተቀደደ። ሰው ነው ያስተነፈሰው።

ሸፊቅ፦ ዘንድሮ ሰው ክፉ ሆኗል።

(ክፉው ሰው ራሱ ሸፊቅ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ፓርክ አደረገና ተንበርክኮ የፊት ጎማውን አስተነፈሰ። ከዚያ መኪናዋን እያስነከሰ ታከር ሰፈር፣ ነጋ ጎማ ቤት ድረስ መጣ። ከነጋ ጋር ከደሴ ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ አትላንታ ከገቡም ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ለዛሬው ጉዳይ ግን ያለ ሰበብ መምጣት አልሆነለትም። የሃያ አራት ዓመት ልጁ ሁዳ መጽሐፍ ጽፋለች፤ የድሮ ዘመን የቤተ መንግሥት ታሪክ። ባለፈው ሳምንት እጁ ላይ አስቀመጠችለትና፣ «አባዬ፣ አንብበው። እሁድ ምሳ እመጣለሁ። የምትለኝ ነገር ከሌለህ ሲያትል ያገኘሁትን ሥራ እቀበላለሁ» ብላው ሄደች። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ልዕልቶች ይዋደዳሉ። ሸፊቅ አርባኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አንዷ ልዕልት የራሱ ልጅ፣ ሌላዋ ደግሞ የነጋ ልጅ ሄራን መሆኗ ገባው። ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለው። በሦስተኛው ቀን፣ ልጄን ከማጣ ሌላው ሁሉ ገደል ይግባ ብሎ ቆረጠ። የቀረው ለነጋ ማስረዳት ነው። ነጋ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም። ሸፊቅ ግን የማያውቀው ነገር የለም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ራሱ ስለሚነግራቸው።)

ሸፊቅ፦ እስክትነፋው ድረስ አንድ ታሪክ ላንብብልህ።

ነጋ፦ ለመንፋት እኮ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሸፊቅ፦ ቀስ ብለህ ንፋው። ሁዳ የጻፈችው ነው። በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ እያስተካከልኩ አነብልሃለሁ።

ነጋ፦ እሷ የጻፈችውን ታስተካክላለህ?

ሸፊቅ፦ አልፎ አልፎ። (መነጽሩን አደረገ።) «ዙሪያውን በውኃ በተከበበ የድንጋይ ግንብ ውስጥ፣ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ንጉሥ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ለዝናቡ አዘናነብ ያስረዳው ነበር።»

ነጋ፦ ይሄ ንጉሥ ማንን ነው የሚመስለው?

ሸፊቅ፦ ማንንም። አስተዋይ ንጉሥ ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ እሱን ነው የወደድኩት።

ነጋ፦ እሺ። ውኃው ግንቡን ዙሪያውን ነው የከበበው?

ሸፊቅ፦ ዙሪያውን። ንጉሡ ጥልቅ ነው ይላል።

ነጋ፦ የጎርፍ ኢንሹራንስ አላቸው?

ሸፊቅ፦ ነጋ፣ የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ነው።

ነጋ፦ ያኔ ጎርፍ አልነበረም?

(ሸፊቅ በልቡ «ያ ሰብር» አለ። ትዕግሥት ስጠኝ ማለቱ ነው።)

ሸፊቅ፦ «ንጉሡ ሃያ ዓመት የሞላት ሐምራዊት የምትባል ልጅ ነበረችው። ሊድራት ፈለገና የጦር ግጥሚያ አዘጋጀ። ፈረስ ጋልቦ ያሸነፈ ልጄን ያገባል ብሎ አዋጅ አስነገረ።»

ነጋ፦ ልጅቷን ጠይቋታል?

ሸፊቅ፦ ምን ብሎ?

ነጋ፦ ማንን ትፈልጊያለሽ ብሎ።

ሸፊቅ፦ ንጉሥ ያውጃል እንጂ አይጠይቅም።

ነጋ፦ እንግዲያው ሁሉን አያውቅም።

ሸፊቅ፦ ዝም ብለህ ስማ። «ዐሥራ አንድ መሳፍንት መጡ። ዐሥራ ሁለተኛው ከራስ ቁሩ እስከ እግሩ ብረት ለብሶ፣ ስሙን ሳይናገር ገባ። ዐሥራ አንዱንም ተራ በተራ ከፈረስ አወረዳቸው።»

ነጋ፦ መታወቂያ ሳያሳይ?

ሸፊቅ፦ ሳያሳይ። «አሸናፊው የራስ ቁሩን ሲያወልቅ፣ የጎረቤቱ ንጉሥ ልጅ፣ ልዕልት ሶስና ሆና ተገኘች።»

(ንባቡን አቁሞ የነጋን ፊት አየ። ነጋ ጎማው ላይ የሳሙና ውኃ እያፈሰሰ፣ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል።)

ሸፊቅ፦ ሶስና ናት። ሴት ልጅ።

ነጋ፦ ሰማሁ።

ሸፊቅ፦ አልደነገጥክም?

ነጋ፦ ዐሥራ አንድ ሰው ጥላ እንዴት አልደነግጥም። ትከሻዋን አላመማትም?

(አልገባውም፣ አለ ሸፊቅ በልቡ። ሌላ ገጽ ገለጠ።)

ሸፊቅ፦ ይኼን ደግሞ ስማ። «ሐምራዊት ወርዳ፣ ‹ለምን ብረት ለብሰሽ መጣሽ?› አለቻት። ሶስናም፣ ‹ለመዋጋት አይደለም። እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳታዪብኝ ነው› አለቻት።» እዚህ ላይ ተሳስታለች። ብረት ለብሰህ ስትንቀጠቀጥ ይንቋቋል። የባሰ ይታወቅብሃል።

ነጋ፦ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ሸፊቅ፦ መውደድማ እኔም ወድጄዋለሁ። አልቅሻለሁ። ግን ይንቋቋል።

ነጋ፦ ከዚያስ?

ሸፊቅ፦ ከዚያማ ሁለቱ በጭልፊት እግር ደብዳቤ እያሰሩ ይላላኩ ጀመር። አንድ ቀን ሐምራዊት ደብዳቤ ልትቀበል ስትንጠራራ ከሰገነቱ ውኃው ውስጥ ወደቀች። ሶስና ብረቷን እንደለበሰች ዘላ ገባች።

ነጋ፦ ብረት ለብሳ? ይሰጥማሉ እኮ።

ሸፊቅ፦ አልሰጠሙም። ውኃው እስከ ጉልበት ነበር።

ነጋ፦ ንጉሡ ጥልቅ ነው አላለም ነበር?

ሸፊቅ፦ ብሎ ነበር። ለማንኛውም ቆመው ይስቁ ጀመር። ከዚያ…

ነጋ፦ ከዚያ?

ሸፊቅ፦ ከዚያ ያለውን ገጽ ዘልዬዋለሁ።

ነጋ፦ ተሳሳሙ?

ሸፊቅ፦ ዘልዬዋለሁ አልኩህ እኮ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአገሩ ወግ ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው። እዚህ ደግሞ ሁለቱም የሴት አባት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ንጉሦች ምንጣፍ አንጥፈው፣ በግ አርደው፣ ሽማግሌ እስኪላክላቸው ይጠብቃሉ።

ነጋ፦ ስንት ጊዜ?

ሸፊቅ፦ ሰባት ዓመት።

ነጋ፦ ሥጋው ሰባት ዓመት አይቆይም። ፍሪዘር ውስጥ እንኳ ቢሆን።

ሸፊቅ፦ ሥጋውን ተወው። ቁም ነገር ልጠይቅህ። አንተ የሶስና አባት ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ነጋ፦ የዚያች የጠንካራዋ?

ሸፊቅ፦ አዎ፣ የጠንካራዋ።

ነጋ፦ ሽማግሌ እልካለሁ።

ሸፊቅ፦ አንተ? የሴት አባት ሆነህ?

ነጋ፦ ሰባት ዓመት ተቀምጬ ከምጠብቅ ብነሳ አይሻልም?

ሸፊቅ፦ ሰው ምን ይላል?

ነጋ፦ ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል። የእኔ አጎት ያንተን አክስት ሲያገባ ደሴ ምን አላለም። በሰርጉ ቀን ግን ቄሱም ሼሁም መጥተው፣ በየወገናቸው በልተው፣ መርቀው ሄዱ።

ሸፊቅ፦ ይሄ ከዚያ ይከብዳል።

ነጋ፦ ይከብዳል። ቀላል ነው አላልኩም።

(ሸፊቅ መጽሐፉን ዘጋ። ከጎማ ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። የሚያስበው የነገውን ምሳ ነው፤ የሁዳ ወንበር ባዶ ሆኖ ታየው። ነጋ ደግሞ ተቆጥቶ ቢያባርረው፣ የቀረው አንድ ጓደኛው እሱ ነው። ሌሎቹ ሲመጣ ሲያዩት ስልክ ያነሳሉ።)

ሸፊቅ፦ ነጋ፣ ልብህን ያዝ።

ነጋ፦ ይዣለሁ።

ሸፊቅ፦ ይሄ ተረት አይደለም። ሐምራዊት ሁዳ ናት። ሶስና ሄራን ናት። ልጆቻችን ይዋደዳሉ። እንደ እህት ማለቴ አይደለም።

ነጋ፦ አውቃለሁ።

ሸፊቅ፦ አልገባህም። እንደ እህት አይደለም እያልኩህ ነው።

ነጋ፦ ገብቶኛል። ሄራን ከነገረችኝ ሁለት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ እኔም አሞኝ ነበር፤ አንድ ወር አላነጋገርኳትም። ከዚያ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ደወልኩላት።

ሸፊቅ፦ ሁለት ዓመት። ለእኔ አትነግረኝም?

ነጋ፦ ልኬብህ ነበር እኮ።

ሸፊቅ፦ ምን?

ነጋ፦ ሽማግሌ። መጋቢት ላይ። ጋሽ አብዱረህማንንና ጋሽ ኢሳያስን። አንድ ካንተ ወገን፣ አንድ ከእኔ ወገን ይሁን ብዬ። ጋሽ አብዱረህማን ሳምንት ሙሉ አኩርፈው ስልኬን አላነሱም። በኋላ፣ «ልጆቹ ተደብቀው ከሚኖሩ፣ የናንተም ቤት ከሚፈርስ» ብለው ሱፋቸውን ለበሱ።

ሸፊቅ፦ ጋሽ ኢሳያስ ግራጫ ክራባት አድርገው?

ነጋ፦ የእኔ ክራባት ነው።

(ሸፊቅ ያን ቀን ደህና አድርጎ ያስታውሰዋል። እንዲያውም የሚኮራበት ቀን ነበር።)

ሸፊቅ፦ እነሱ እኮ ለፎርም ነው የመጡት። ልጅ ከአገር ቤት ለማስመጣት።

ነጋ፦ ማን አለህ?

ሸፊቅ፦ «በልጅ ጉዳይ ነው የመ…» ብለው ሲጀምሩ የቀረውን አወቅኩት። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ የኢሚግሬሽኑን ማመልከቻ ሞላሁላቸው።

ነጋ፦ ጋሽ ኢሳያስ ልጅ የላቸውም።

ሸፊቅ፦ የልጁን ስም ስጠይቃቸው ላብ ሲያጠምቃቸው ገርሞኝ ነበር። ዕድሜውስ ስላቸውም ጋሽ አብዱረህማንን አዩ።

ነጋ፦ ሲወጡስ ምን ብለው ጠየቁህ?

ሸፊቅ፦ «ታዲያ ፈቃድህ ነው?» አሉኝ።

ነጋ፦ ምን አልክ?

ሸፊቅ፦ «ደስ እያለኝ» አልኩ። ቆመው መረቁኝ። ጋሽ አብዱረህማን ግንባሬን ሳሙኝ። ለአንድ ፎርም በዛ ብዬ ነበር።

ነጋ፦ ሸፊቅ፣ ልጅህን ከሰጠህ አራት ወር ሆነህ።

(ኮምፕሬሰሩ ራሱን አጠፋ።)

ሸፊቅ፦ ባለቤቴስ ታውቃለች? ዋሲላ?

ነጋ፦ ሻዩን ያቀረበችላቸው ማን ሆነችና።

ሸፊቅ፦ ምነው ሳትነግረኝ ቀረች?

ነጋ፦ እነሱ እንደወጡ «የሁዳ ነገር እንግዲህ…» ብላ ስትጀምር፣ «አውቃለሁ» ብለሃት ዜና ከፈትክ አሉ።

ሸፊቅ፦ ሁዳስ? ሽማግሎቹ ሲነግሯት ምን አለች?

ነጋ፦ እዚሁ ነበረች። «አባዬ እሺ አለ?» ብላ ሦስቴ ጠየቀቻቸው። አሁን የተቀመጥክበት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አላረመኝም» አለች።

(ሸፊቅ መነጽሩን አወለቀ። የሚጠርገው ነገር አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ያዘው።)

ነጋ፦ ከዚያ አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስላት ቀረህ። ተጸጽቷል ብላ ነው ሲያትል ሲያትል የምትለው። ብትነግርህ አታስጨርሳትም። ሦስት መቶ ገጽ ጻፈችልህ፤ ማንም ሳያቋርጣት እንድትናገር።

ሸፊቅ፦ እኔ እኮ አንተ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ቀስ በቀስ…

ነጋ፦ አየሁህ። ጎማህንም ለዚሁ ነው ያስተነፈስከው።

ሸፊቅ፦ መጽሐፉንም አንብበኸዋል?

ነጋ፦ ሄራን አንብባልኛለች። ሁለቴ።

ሸፊቅ፦ ንጉሡ ታዲያ…

ነጋ፦ አንተ ነህ።

ሸፊቅ፦ ዝናቡንም?

ነጋ፦ ዝናቡንም።

(ሸፊቅ ስልኩን አወጣ፤ የሁዳን ስም አየ፤ መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።)

ሸፊቅ፦ ምን ልበላት?

ነጋ፦ እኔን ነው የምትጠይቀኝ?

ሸፊቅ፦ አንተን ነው። አላውቅም።

ነጋ፦ ደውልላትና ስማት።

(ደወለ። ሁዳ ሥራ ላይ ናት፣ ማሪዬታ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው።)

ሸፊቅ፦ ሁዳ፣ እኔ ነኝ። … አይ፣ መጽሐፉ ላይ የማርመው ነገር የለኝም። … ሽማግሎቹ ለምን እንደመጡ ዛሬ ነው የገባኝ፣ ወላሂ። … ዛሬ። ነጋ ነገረኝ። … አልተጸጸትኩም ልጄ፤ ምን እንዳልኩ መቼ አውቄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን አንቺ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።

(ሁዳ መናገር ጀመረች። ሸፊቅ አንዴ አፉን ከፈተና ዘጋው። ሁለተኛ ከፈተና ዘጋው። በሦስተኛው የመነጽሩን እግር በጥርሱ ነክሶ ያዘ። እንባው ጺሙ ውስጥ ሲወርድ አልጠረገውም። እሷ ግን ስታወራ፣ ስታለቅስ፣ መሃል ላይም ስትስቅ፣ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሄደ።)

ሸፊቅ፦ እሺ የኔ ልጅ። ነገ ሄራንን ይዘሻት ነይ።

(ስልኩን ዘጋ።)

ነጋ፦ ሠላሳ ዓመት ስትናገር ሰምቼሃለሁ። እንደዛሬ አምሮልህ አያውቅም።