የላስቲክ ግድግዳዬ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሰው ቤት ግድግዳ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ፣ የመርካቶው ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ እንዲያ ናቸው። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ በገዛ እጄ ቤት ስሠራ፣ መርካቶ ከየሱቁ ደጃፍ የተጣለ ላስቲክ ለቅሜ፣ አጥቤና አድርቄ፣ በጭቃው ግድግዳና በኮምፔርሳቶው መሃል ጠቀጠቅኩት። ጋሼ ሰፈሩን ሰብስበው፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ቆሻሻ ውስጥ ሊኖር ነው!» አሉ። ታዲያ ብርዱ እሳቸውን ፈርቶ ይመለስልኛል? ዓይናቸው እያየ የቀረውንም ጠቀጠቅኩ!

ክረምት ገባ። ያ ሁሉ ብርድ ልብስ ያላቸው ሰውዬ፣ «ለአንድ አፍታ» እያሉ በየማታው እኔ ቤት መሞቅ ጀመሩ። ትናንት ግድግዳዬን ተደግፈው፣ «ምን ከተህበት ነው እንዲህ የሚሞቀው?» አሉኝ።

«እርስዎ የጣሉትን የብርድ ልብስ ማሸጊያ።»

ፊታቸውን አዞሩ። ጀርባቸውን ግን ከግድግዳዬ አላነሱም።