መሥሪያ ቤታችን በአንድ ሳጥን ሲናገር

የሠለጠነ መሥሪያ ቤት ማየት የሚሻ ሁሉ ሐረር ጀጎል ድረስ መጥቶ የእኛን ይጎብኝ። አሥራ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሰርቨር ላይ እንሠራለን፤ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ የኢሜይል ፕሮግራም ተጭኖልናል። ኃላፊያችን አቶ ሽፈራው ሪባን ቆርጠው መርቀውታል። ለፕሮግራም ሪባን የት እንደሚታሰር ቢቸግረን በሳቸው ስክሪን ላይ አሰርነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው አብዱልፈታ ጭኖ ሲያበቃ፣ አሁን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን የመልእክት ሳጥን ልክፈት አለ። አቶ ሽፈራውን ከፋቸው።

«ሰርቨሩ አንድ፣ ፕሮግራሙ አንድ። አሥራ ሁለት ሳጥን ከየት መጣ?»

«ጋሼ፣ እንደ ጀጎል ግቢ ያስቡት። በሩ አንድ ነው፤ ጓዳው ግን የየራስ ነው።»

«እኔ ባለሁበት ጓዳ የለም» አሉና በእሳቸው ስም አንድ ሳጥን አስከፍተው የይለፍ ቃሉን ለሁላችን አደሉን። በማግሥቱ ሰርኩላር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፦ «ከዚህ ሳጥን የሚወጣ ቃል ሁሉ የኃላፊው ቃል ነው። ፕሮግራሙ የኃላፊውን ስም ራሱ ስለሚጽፍ፣ ማንም ከግርጌ የራሱን ስም እንዳይጽፍ በጥብቅ እናሳስባለን።» አንጀት የሚያርስ አመራር ነው መቼም።

አስቴር የምትባል ባልደረባ ነበረችን። ባሏና ትንሽ ልጇ ደብረ ማርቆስ ናቸው። ልጅቷ በስልክ «እማዬ» ማለቱን ትታ «እትዬ» ማለት ከጀመረች ወዲህ አስቴር ምሳ አይበላላትም። የዝውውር ማመልከቻዋ ሦስት ዓመት ሙሉ አቶ ሽፈራው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ በጠየቀች ቁጥር «ይታያል» ይሏታል። ኢሜይሉ ሲመጣ በቀጥታ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈች፦ «ከቤተሰቤ ተለይቼ መኖር ስለከበደኝ ወደ ደብረ ማርቆስ እንድዛወር በትሕትና እጠይቃለሁ።» ሰርኩላር አክባሪ ናትና ስሟን አልጻፈችም።

የኃላፊ ጥያቄ አያድርም። በሦስተኛው ቀን አቶ ሽፈራው ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወሩ። እዚሁ ሐረር ያሠሩት ቤት ቀለሙ እንኳ አልደረቀም ነበር።

«እኔ አልጻፍኩም፤ የእኔ ቃል አይደለም» አሉ።

አብዱልፈታ ሰርኩላሩን ከግድግዳው ላይ ነቅሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ወላሂ ጋሼ፣ የእርስዎ ነው።»

አስቴር ተጠባባቂ ኃላፊ ተባለች፤ ሳጥኑም ወደ ስሟ ዞረ። ያንኑ ደብዳቤ አንድ ፊደል ሳትለውጥ ደግማ ላከች። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ እየሳቀችም እያለቀሰችም ወጣች። እዚያ የሚጠብቋት ኃላፊ አቶ ሽፈራው መሆናቸውን ሊያነሳባት የደፈረ የለም።

አሁን ተጠባባቂው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ሳጥኑም በስሜ ነው። አብዱልፈታ ለሁሉም የየራሱን ልክፈት ብሎ በቀደም ጠይቆኝ ነበር።

«ይታያል» አልኩት።

የኢሜይልን ኃይል እንደ እኔ የተረዳ ሰው ስለሌለ፣ ሰርቨሩን አጥፍቼ ክፍሉን ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ደብዳቤ ያለው በወረቀት ይጽፍና እኔ ካነበብኩለት በኋላ ሸዋ በር ወደሚባለው የጀጎል በር ወርዶ እንዲያደርስለት ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል።