ቤት ፍለጋ ሄጄ ሐዘን ተቀመጥኩ

ቤት ከሚከራይ ሰው ምን እንደሚፈለግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የገባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ ሚስት የሚፈልግም ቢያንስ ሽማግሌዎቹ ያውቁለታል። ቤት ፈላጊ ግን አንዱ በር ላይ ያስመሰገነው መልስ ቀጥሎ ያለው በር ላይ ያስባርረዋል። አንዷ አከራይ ላጤ አልወድም አሉኝ። ጎረቤታቸው ደግሞ ባለትዳር ውሃ ያበዛል ብለው በር ዘጉብኝ። ሦስተኛው ግቢ ውስጥ "ባለትዳር ነኝ፣ ውሃም አላበዛም" ብዬ ደረቴን ነፍቼ ብገባ "ልጅ አላችሁ?" ተባልኩ። የለንም ስል ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ "ለምን?" አሉኝ። ለምን እንደሆነ ለቤት አከራይ እንዴት ይነገራል? ሙያዬ መሬት መለካት ነው። ስንት የድንበር ጠብ በሜትር ያበረድኩ ሰው ነኝ። አከራይ የሚለካበት ሜትር ግን ከየት እንደሚገኝ አላውቅም።

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ልዛወር ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ሚስቴ ሰላማዊት እርጉዝ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችንን ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስንገሰግስ ጉም በዋጠው መንገድ ላይ አጥተነዋል፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። በዚህኛው እርግዝና አዋላጇ "ቀኑ ሳይደርስ ሆስፒታሉ አጠገብ ግቡ" ብላን ነበር። ስለዚህ እኔ ቀድሜ ከተማ ገብቼ ቤት ልይዝ፣ ሰላማዊት ደግሞ ሆዷ ሳይከብድ ልትከተለኝ ተስማማን። ቀላል መስሎን ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎልኝ "ለጥቂት ቀን ነው፣ ችግር የለም" አለኝ። ጥቂቱ ቀን ሲበዛ የባልደረባዬ ሚስት ሰላምታዋ እያጠረ ሄደ።

ደብረ ብርሃንን በተማሪነቴ አውቃት ነበር። ያኔ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ተከራይ መንገድ ላይ ይጠብቅ ነበር። አሁን ፋብሪካው ሰው ይጠራል፣ ዩኒቨርሲቲው ሰው ይጠራል፣ ቢሮው ሰው ይጠራል፤ የተጠራው ሁሉ የት እንደሚያድር ግን የጠራው አካል የሚያስብበት አይመስልም። ጌች የሚባል ደላላ ያዝኩ። ያዝኩ እላለሁ እንጂ የያዘኝ እሱ ነው። "ወንድሜ፣ ልክ ላንተ የተሠራ ቤት!" ብሎ ይደውልልኛል። በባጃጅ ከንፌ ስደርስ ልክ ለኔ የተሠራው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልጋ እየገጣጠመ አገኛለሁ። አንድ ቀን ጭራሽ ሌላ ከተማ፣ ጫጫ ላይ ቤት አገኘሁልህ አለኝ።

"ጌች፣ እኔ እኮ የምፈልገው ደብረ ብርሃን ነው" አልኩት።

"ጫጫ ማለት ደብረ ብርሃን ማለት ነው።"

"ታዲያ ደብረ ብርሃን ምን ማለት ነው?" ብዬ ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

እውነት ለመናገር ትልቁ ችግሬ የሰላማዊት ሆድ ነበር። እርጉዝ መሆኗን ስናገር "እንግዲህ ልጅ ያለቅሳል" ይሉኛል፤ ገና ያልተወለደ ልጅ ጩኸቱ ከሱ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ገብቷል። ዝም ስል ደግሞ "እስቲ ሚስትህን አምጣና እንያት" ይሉኛል። ባመጣት ሆዷ ሊታይ፣ ባላመጣት ቤቱ ሊያመልጥ። ማታ ስትደውል "አገኘህ?" ትለኛለች፣ እኔም "ልጨርስ ነው" እላታለሁ። ምኑን እንደምጨርስ አልጠየቀችኝም። በዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተከራይቶ ተቀመጠ። ቀን ከሌት ያስለኛል። እሱ ቤት በማግኘት ቀደመኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጌች ደወለ። "ጠባሴ፣ አረንጓዴ በር፣ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት አሁን ተለቀቀ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ሮጥ በል!" አለኝ። የለቀቀው ማን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ፈላጊ ስለ ለቃቂው ምን አስጨነቀው?

ስደርስ አረንጓዴው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግቢው ውስጥ የዕድር ድንኳን ተተክሏል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ድንኳን የተተከለበት ግቢ ገብቶ "የሚከራይ ቤት አለ?" ማለት ዓይንን በጨው መታጠብ ይፈልጋል። ያን ያህል ጨው አልነበረኝም። ቀስ ብዬ ልመለስ ስዞር በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ (የዕድሩ ዳኛ ጋሽ አበራ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት) እጄን ያዝ አድርገው "ግባ ልጄ፣ ግባ" አሉኝ። ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። እኔም ውሃ ፈሰሰልኝና ታጠብኩ። ካልሄድኩበት ቀብር ተመልሼ ታጥቤ ገባሁ ማለት ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ መዳፌ ላይ ንፍሮ ተዘገነልኝ። ንፍሮውን ይዤ አንገቴን ደፋሁ።

አጠገቤ የተቀመጠውን፣ ዕድሜው ከኔ ጋር የሚቀራረብ ሰው፣ በሹክሹክታ "ሟቹ ማን ናቸው?" አልኩት።

"እኔ እንጃ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "አንተም ለቤቱ ነህ?" ሲል ጠየቀኝ።

ክው አልኩ። ደመቀ ይባላል፤ ከደነባ መጥቶ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ነው። "ያ ባለ ኮፍያውም ለቤቱ ነው" አለኝ በአገጩ እያመለከተ። "እነዚያ ጥግ ላይ ያሉትም። ጌች ነው የላከን።" ዙሪያዬን አየሁ። ግማሹ ሐዘንተኛ አንገቱን ደፍቶ በዓይኑ ጠርዝ ጓሮ ያለውን የሰርቪሱን በር ይሰርቃል።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። የሞቱት ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ያቺን አንድ ክፍል ተከራይተው ለብዙ ዘመን ብቻቸውን ኖረዋል። ሚስት የለም፣ ልጅ የለም፣ ከየት እንደመጡም በደንብ የሚያውቅ የለም። ዕድርም አልነበራቸውም። ድንኳኑን ጋሽ አበራን ለምነው ያስተከሉት አከራያቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይም እሳቸው ብቻቸውን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ጋሽ አበራ ግን የሰዉን ብዛት አይተው ልባቸው ተነክቷል። "ሰው የለውም ስንል፣ ለካስ ይሄን ሁሉ ወዳጅ አፍርቶ ኖሯል!" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደመቀ ይህን ሲሰማ ንፍሮው ትን አለው።

ቀጥለው ወደኔ መጡና "አንተስ ልጄ፣ ምኑ ነህ?" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም የመጣው ሳሌ ነው። ያ ክፉ ሳል ከሆዴ ተነስቶ ወገቤን አጠፈው፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ልናገር ስል እንደገና ያጣድፈኛል። ጋሽ አበራ ደነገጡ። "አይዞህ፣ አይዞህ፤ ተዉት፣ አታስጨንቁት" አሉና ክንዴን ደግፈው ከአግዳሚው አስነሡኝ፤ ወስደውም ፍራሹ ላይ፣ እትዬ ዘነበች አጠገብ አስቀመጡኝ። ሰዉ መጣ። ተራ በተራ ጎንበስ እያለ "እግዚአብሔር ያጥናህ" አለኝ። እኔም "አሜን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ደመቀም ተሰልፎ መጥቶ ሳቁን እንደምንም ይዞ አጽናናኝ።

ከፍራሹ ላይ የሰርቪሱ በር ፊት ለፊት ይታየኛል። ክፍት ነው። ልማድ ሆኖብኝ በዓይኔ መለካት ጀመርኩ። አልጋው እዚህ፣ ምድጃው እዚያ፣ የሕፃኑ መኝታ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ቆርቆሮው ደግሞ አያፈስ ይሆን? እንዲህ እያልኩ ግድግዳው ጋ ስደርስ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ካፖርት አየሁ። ክርኑ የሳሳ፣ የብርድ ካፖርት። ባለቤቱ ነገ ለብሶት እንደሚወጣ ሁሉ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ያኔ እንባዬ የእውነት መጣ። ለጋሽ ታፈሰ ይሁን፣ በጉም መንገድ ላይ ላጣነው ልጅ ይሁን፣ ወይስ ቤት አጥቼ ለተንከራተትኩበት ይሁን አላውቅም። አዘንኩ። በጣም አዘንኩ።

በማግስቱ ድንኳኑ ጭር አለ። "ሴትየዋ አርባው ሳይወጣ አያከራዩም" የሚል ወሬ ስለተነዛ የጋሽ ታፈሰ ወዳጆች በሙሉ ሌላ ቤት ፍለጋ ሄደዋል። ደመቀም ፈረቃው ደረሰ። እኔ ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ቤቱን ተስፋ አድርጌ ነው ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት ነገ የሚመጣው ለቀስተኛ ፍራሹ ላይ ማንን ያጽናናል የሚለውን ነበር። እስከ ሰልስቱ ተመላለስኩ። ሰው ሲመጣ "አሜን" እላለሁ፤ ሳይመጣ ከእትዬ ዘነበች ጋር ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ አግዳሚዎቹን ተሸክሜ ጨረስኩ። ልሰናበት ስል እትዬ ዘነበች ጠሩኝ።

"እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ። ታፈሰ ዘመድ የለውም። ቤት ፈላጊ ነህ፣ አይደለም?"

አፈር ብሆን ይሻለኝ ነበር። "አዎ፣ እትዬ።"

"መጀመሪያውኑ አውቄያለሁ። ወገኑ የሞተበት ሰው ቀና ብሎ ቆርቆሮ አያይም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ከኔ ሌላ ፍራሹ ላይ የሚቀመጥለት አልነበረውማ።"

ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ? ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰላማዊት እርጉዝ መሆኗን፣ የሚወለደው ልጅ ማልቀሱ የማይቀር መሆኑን፣ ፊተኛውን እንዴት እንዳጣነው ሁሉ ነገርኳቸው። ለአከራይ እንዴት ይነገራል ያልኩት ነገር ለካ ይነገራል። ተነሥተው ወደ ሰርቪሱ በር ሄዱ። አለቀልኝ ስል "ካፖርቱን አሁን እንዳታወርደው" አሉኝ። "አርባው ይውጣና ለሚለብሰው እሰጥለታለሁ። እሷ ግን ትምጣ። ከዚህ ግቢ አንድ ሰው ወጥቷል፤ አንድ ይግባ።"

ምስጋናዬን ሳልጨርስ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ግን ዕድር የሌለው ተከራይ ሁለተኛ ግቢዬ አይገባም። ድንኳን መለመን ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ።" ወዲያው ጋሽ አበራ ተጠሩ። "ስምህ ማን ነው?" አሉኝ። ያን ሁሉ ሲያጽናኑኝ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ንጉሤ አልኳቸው። ጋሽ አበራም መልካም ዜና እንደሚያበስር ሰው "በል ንጉሤ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሐሳብ አይግባህ፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ቀባሪውም አለህ" ብለው ጨበጡኝ። የቤቱን ቁልፍ የተረከብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለሰላማዊት ደወልኩላት።

"ቤት አገኘህ?"

"ዕድር ገባሁ" አልኳት። ደስታው ቅደም ተከተሉን አምታቶብኝ ነው።

"አመመህ እንዴ?" አለች።

አሁን ልጃችን ተወልዳለች። ሆስፒታሉ ለመድረስ ባጃጅ በቃን። ታለቅሳለች፣ እንደተፈራው፤ ስታለቅስ ቀድመው የሚደርሱት ግን እትዬ ዘነበች ናቸው። ጋሽ አበራም ያለ ድንኳን መጥተው ገንፎ በልተውልናል። ካፖርቱ ከአርባው በኋላ ሄዷል። ሚስማሩን ግን አልነቀልኩትም፤ የልጅቷ ማዘያ ይንጠለጠልበታል።

ደመቀ ግን እስከ ዛሬ ቤት አላገኘም። ጌች ይደውልለታል፣ እሱም ይሮጣል፤ አልጋ የሚገጣጥም ሰው አይቶ ይመለሳል። እሑድ እሑድ ሊጠይቀን ይመጣል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ለልጅቷም ብስኩት አይረሳም። ባለፈው እሑድ ሻዩን እየጠጣ ግድግዳውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ቀና ብሎም ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ ወደኔ ዞረና በሚያሳዝን የወንድም ድምፅ "ንጉሤ፣ ያ ሳል አልለቀቀህም እንዴ?" አለኝ።

"ለቆኛል" አልኩት። ወዲያው ጉሮሮዬን ከረከረኝ። በሻይ ዋጥ አደረግኩት።