ካርታውን ለሻያ አሳይታችሁታል?

እኛ ባሌዎች በሰላምታ አንቆጥብም። ሮቤ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ስለ ልጆቹ ይጠየቃል፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ይጠየቃል፤ መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ «ነጋያ!» በኦሮምኛ ሰላም ነው ማለት ነው። ላሚቱ ትናንት ሞታ ይሆናል። ነጋያ። ጣሪያውን ነፋስ ወስዶት ይሆናል። ነጋያ። ክፉ ወሬ የራሱ ሰዓት አለው፤ እንግዳው አረፍ ብሎ አንድ ነገር ከቀመሰ በኋላ ነው የሚነገረው። ይህን ሥርዓት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሚያሳፍረኝም ማወቄ ነው።

እኔ እዚሁ ሮቤ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ራሔል የምትባል ባለሙያ ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ቦታዎች ካርታ ልትሠራ ከአዲስ አበባ መጣችና አስተርጓሚ ሲፈለግ፣ አለቃዬ ወደ እኔ ጠቆመ። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ይነግራታል፤ ጎርፉ የት ገብቶ ምን እንዳደረሰ ግን ባለቤቱን መጠየቅ አለባት። የሚያሰጋው ቀይ፣ የማያሰጋው አረንጓዴ ይቀባል። ከክረምት በፊት በሽቦ የታሰረ የድንጋይ መከላከያ የሚሠራውም ቀይ በተቀባው ዳር ብቻ ነው።

ባጃጅ ይዘን ከቤት ቤት ዞርን። እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝ! ሽማግሌ ደጅ ቆሜ «ጎርፍ ምን አጠፋብዎት?» ብዬ እንደ ፖሊስ መጠየቅ አልሆነልኝም። ስለዚህ ጥያቄውን ከሰላምታው ጋር አዋሃድኩት። ልጆቹ ነጋያ? ከብቱ ነጋያ? ወንዙስ ነጋያ? «ነጋያ፣ ገለታ ረቢ!» ይሉኛል፤ ፈጣሪ ይመስገን ማለታቸው ነው። ወደ ራሔል ዞሬ «ችግር የለም» እላለሁ፣ እሷም ታብሌቷን ነካ ታደርጋለች፣ ባለባጃጁም ጥሩምባውን ያሰማናል። ከገበያው ጀርባ ያለው የእኔ ቤት ተራው ሲደርስማ በሩን እንኳ ሳልከፍት «ሰላም ነው» ብያት አለፍን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያኔ ማን አስታወሰው!

ካርታው ታትሞ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለና ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥ ተጠራ። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! የሻያ ወንዝ ዳርቻ በሙሉ እንደ ገብስ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኗል። ወንዙ በሚታጠፍበት ላይ የሚኖሩት አዛውንት ገበሬ ሐጂ ከድር መነጽራቸውን አድርገው ቤታቸውን በጣታቸው ፈልገው አገኙ። አረንጓዴው ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ማሻ አላህ፣ ያምራል» አሉ። «ለሻያ አሳይታችሁታል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በዚህ ካርታ ከሄድን ሐጂ ደጅ አንዲት ድንጋይ አትደርስም፤ ያውም በእኔ ጨዋነት የተነሣ።

«ሐጂ፣ ወንዙ ነጋያ ነው ብለውኝ የለም እንዴ?»

«ሰላምታ ላይ ነበርክ እኮ ልጄ! ሰላምታ ላይ መርዶ ይነገራል? ብትቀመጥ እነግርህ ነበር፤ አንተ ባጃጅ አስቁመህ ነው የመጣኸው።»

ለራሔል ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ካርታውን ከግድግዳው አወረደችና «እንግዲያው እንቀመጣለና» አለች።

በማግስቱ በእግራችን ሄድን። ሐጂ ቤት እርጎ ቀረበልን፤ ስለ ስንዴው ዋግ ተወራ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ተወራ፣ ራሔል አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ሁለተኛው ብርጭቆ ሲያልቅ ሐጂ ራሳቸው ተነሥተው ከጎተራው ጀርባ ያለውን የጽድ ምሰሶ አሳዩን። ውሃው የደረሰበትን በቢላ ምልክት አድርገውበታል፤ አንዱ ጉልበት ጋ ነው፣ ሌላው ወገብ ጋ። «በዚህኛው ባለቤቴን አዝዬ ወጣሁ» አሉ ወገብ ጋ ያለውን እየዳሰሱ። «እህሉን ትቼ እሷን።» እዚያ ቤት ስንት ጊዜ በልቼ ጠጥቻለሁ፤ ምሰሶውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከልቤ አፈርኩ።

ሁሉንም ቤት እየተቀመጥን እንደገና ጠየቅን። ከእኔ ቤት በቀር። የእኔንማ አውቀዋለሁ፣ ምን ይደገማል? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው። የሻያ ዳር ቀላ፣ ድንጋዩም ክረምት ሳይገባ ሐጂ ደጅ ደረሰ። አዲሱን ካርታ ሲያዩ «አሁን ሻያን መሰለ» ብለው መረቁን።

በክረምቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ያለውን ሁሉ አራገፈው። ራሔል ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ሐጂ እንዴት ናቸው?»

«አሁን አነጋገርኳቸው። ድንጋዩ ይዟል፣ ቤታቸው ጠብታ አልገባም።»

«የአንተስ ቤት?»

«ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

ስልኩን ትዘጋለች ብዬ ነበር፤ ለካ የሐጂን እርጎ በከንቱ አልጠጣችም።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ተቀምጫለሁ።»

ፍራሹን ጠረጴዛው ላይ ሰቅዬዋለሁ። በእጄ የያዝኩትን ባልዲ አስቀመጥኩት፤ ተንሳፍፎ ሄደ።

«ቁርጭምጭሚት አልፏል» አልኳት።