የአዘናው ሰውዬ

በየትኛውም ከተማ መብራት ይጠፋል፣ ውኃ ይጠፋል፤ ኔትወርክማ የሚገርመው ሲመጣ ነው። አጽናኝ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ከታመመ፣ ከሞተ ወይም ባጃጁ ከተገለበጠበት፣ ወሬው ገና ጎረቤት ሳይደርስ አጽናኙ በር ላይ ቆሞ ጋቢውን ያስተካክላል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባትም አጎታችሁ ነው።

የእኛ የእንጅባራው ክቡር ጋሽ ይሄይስ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሲሆኑ፣ እኔ ግን በልቤ «የአዊ ዞን ጠቅላይ አጽናኝ» የሚል ማዕረግ ከሰጠኋቸው ቆይቷል። በአማርኛም በአገውኛም ያጽናናሉ። ዝናብ አያስቀራቸውም፤ እንጅባራ ላይ ዝናብ የሚያስቀረው ሰው መቼም ከቤቱ አይወጣም። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆማሉ፣ «ይኸም ተመስገን ነው» ብለው ይጀምራሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ከተማው በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ «አዘና አንድ ሰውየ አውቃለሁ…»

ይህ የጎረቤት ከተማችን የአዘና ሰውዬ ያልደረሰበት ነገር የለም። የጎረቤቴ የአወቀ ላም ገደል በገባችበት ጊዜ፣ የአዘናው ሰውዬ ሁለት በሬና አንድ ፈረስ በአንድ መብረቅ እንዳጣ ሰማን። የእኔን ጣሪያ ነፋስ ሲገነጥለው፣ የሰውዬው ቤት ከነግድግዳው ሄዶ ነበር። ባለሱቋን ቤዛዊትን እጮኛዋ ሠርጉ ሲቃረብ ጥሏት ሲሄድ ደግሞ፣ የሰውዬው ሙሽራ ከዳሱ ውስጥ ከሚዜው ጋር እንደጠፋችበት ተነገራት። ቤዛዊት ለቅሶዋን አቋርጣ «ከሚዜው ጋር?» አለች።

«ከአንደኛው ሚዜ ጋር» አሉ ጋሽ ይሄይስ፣ ቁስሉ ዛሬም ያልሻረላቸው ይመስል።

ሰውዬው ሞቶም ያውቃል። የሰፈራችን ሽማግሌ በሳንባ ምች የሞቱ ጊዜ እሱም በዚያው በሽታ፣ ግን በባሰ ሁኔታ ሞተ። በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት በሕይወት ነበር። የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ የተባለው ለዚህ ሰው ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ መከራ እየቆጠረ ከአዘና ንቅንቅ አላለም።

ታላቅ እህቴ ውብአየሁ ባትታመም ኖሮ በጋሽ ይሄይስ ከሩቅ እየሳቅሁ በኖርኩ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጉበቷ ላይ የወጣውን ነገር ባሕር ዳር ሐኪሞች አይተው፣ ከዚህ በኋላ ሕመሟን ከማስታገስ በቀር የምናደርገው የለም ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል ተኝታለች። በእኛ አገር ለበሽተኛ የበሽታው ልክ አይነገርም። ስለዚህ እሷ እንደምታውቅ እኔ አውቃለሁ፣ እኔ እንደማውቅ እሷ ታውቃለች፣ ሁለታችንም ከአዲስ ቅዳም ገበያ ስለሚመጣው ከሰል መወደድ እናወራለን። አንዳንዴ ከሰሉን አቋርጣ «ትዕዛዙ» ትለኛለች፣ ልትናገር ያለችው ነገር አፏ ላይ ይደርሳል። እኔ ያኔ ሐኪም ጠርቼ ልምጣ ብዬ እወጣለሁ። ሐኪም ጠርቼ አላውቅም።

በዚህ መሐል ሆስፒታሉ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከሕሙማን አጠገብ የሚቀመጡ በጎ ፈቃደኞችን ሊያሠለጥን ነው። ለክርስቲያኑ ቄስ ይመጣል፣ ለሙስሊሙ ሼኽ ይመጣል፤ ግን ስብከት የማይሻ፣ የሚሰማው ሰው ብቻ የሚፈልግ በሽተኛ አለ። የሠልጣኙ ሥራ ያለ መስቀልና ያለ መቁጠሪያ ሄዶ አብሮ መቀመጥ ነው። ለእህቴ ስል ተመዘገብኩ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ፊት ወንበር ላይ ከዘራ አየሁ።

አሠልጣኛችን ሲስተር ትህትና ቀጭን ድምፅ ያላት፣ ሐሳቧን የማትለውጥ ሴት ናት። አትስበኩ፣ አትምከሩ፣ ከሌላ ሰው ችግር ጋር አታወዳድሩ አለችን። ይህ የመጨረሻው ሲነገር ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን።

«ልጀ» አሉ ጋሽ ይሄይስ፣ «እግዜር ያውቃል ካላልን፣ የባሰ አለ ካላልን፣ ምን ልንል ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ለማለትማ ሥልጠና አያስፈልግም ነበር።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ጋሼ» አለች ሲስተር ትህትና። «በሽተኛው ራሱ ፈጣሪን ካነሣ ይስሙት። ራሱ ከጠየቀ ይመልሱለት። መንገዱን የሚመራው እሱ ነው። ለጊዜው ግን የተናገረውን መልሰው ይበሉለት፤ የተሰማ መሆኑን ይወቅ።»

ለልምምድ እሷ ባሏ የሞተባት ሴት ሆና ተቀመጠች። ጋሽ ይሄይስ ፊቷ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን አቆሙ፣ ላብ አጠመቃቸው። «አዘ…» አሉና ዋጡት። የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ታገሉ። ያን ዕለት ልስቅባቸው ፈልጌ ሳልችል ቀረሁ፤ ሰው በዚህ ዕድሜው ይህን ያህል ሲታገል ሌላ ጊዜ አላየሁም።

ከዚያ ወደ እውነተኛ በሽተኛ ተላክን። ጋሽ ይሄይስ፣ ወይዘሮ እህተማርያም የሚባሉ ጡረተኛ አዋላጅ እና እኔ ሆነን፣ እግራቸው ተሰብሮ ወደተኙት ወደ አቶ አህመድ ሄድን። አቶ አህመድ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ከጫግኒ ወዲያ ቆላ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ሐኪሞቹ ሳይመጡ ተብሎ ጠዋት በማለዳ ገባን። ጋሽ ይሄይስ ነጭ ጋቢ፣ ወይዘሮ እህተማርያም ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ሦስታችንም በተርታ ተቀመጥን። እንደተማርነው ፊታችንን አለሰለስን፣ ዝም አልን።

አቶ አህመድ አንድ በአንድ አዩን። ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ነው?» አሉ።

ጋሽ ይሄይስ ትምህርቱን አስታወሱ። «ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልገዋል» አሉ በለስላሳ ድምፅ።

«ልጄ ይመኙሽ ናት?»

«ስለ ልጅዎ ተጨንቀዋል።»

«ይመኙሽ! ኢናሊላሂ!» ብለው አቶ አህመድ ደረታቸውን መቱ።

አገር የሚያውቀውን ልማድ ሦስታችንም ረስተነው ነበር። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ የሚናገሩትም ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚያደርጉት ደግሞ ዝም ማለት ነው። በአጠገባቸው የተኛው በሽተኛ አብሯቸው አለቀሰ። አስታማሚዎች ከኮሪደር ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ። ምን እንደሆነ የማያውቅ ጥበቃ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። እኛ «ማንም አልሞተም» ብንል ማን ይስማን፤ መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። በመጨረሻ ለልጃቸው ስልክ ተደወለ። ኔትወርኩ ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ፣ ከዚያ ይመኙሽ «አባ፣ ምን ሁነህ ነው?» ስትል ክፍሉ በሙሉ እንደገና አለቀሰ።

አቶ አህመድ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጋሽ ይሄይስ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ሽማግሌ በጠዋት መጥቶ ዝም ካለኝ ምን ልበል?»

ጋሽ ይሄይስ ያን ቀን ሥልጠናውን ሊተዉ ነበር። «እኔ ሳወራም ሰው አስለቅሳለሁ፣ ዝም ስልም አስለቅሳለሁ» አሉኝ። ያስቀራቸው እኔ አይደለሁም፣ አቶ አህመድ ናቸው፤ በማግሥቱ «ያ ሰውዬ ይምጣልኝ፣ አሁን ዝም ቢልም አልደነግጥም» ብለው ላኩባቸው። ሲስተር ትህትናም በትምህርቱ ላይ አንድ ነገር ጨመረች። ከእንግዲህ ማንኛውም ሠልጣኝ ወደ በሽተኛ ሲገባ፣ ዝም ከማለቱ በፊት «በደኅና ነው የመጣነው፤ ማንም አልሞተም» ይላል። ዛሬም በሆስፒታላችን እንዲሁ ይባላል።

ሥልጠናው ሲያበቃ ባጅ ተሰጠን። ወደ እህቴ ክፍል ግን ብቻዬን መግባት ፈራሁና ጋሽ ይሄይስን ለምኜ ይዣቸው ገባሁ።

«በደኅና ነው የመጣነው፣ ውብአየሁ። ማንም አልሞተም።»

«አዎ፣ እኔ ገና ነኝ» አለች እህቴ።

ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ስለ ከሰል አፌን ስከፍት ጋሽ ይሄይስ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። ዘጋሁት። እህቴ ናት ዝምታውን የሰበረችው።

«ጋሽ ይሄይስ፣ ምነው ዝም አሉ? ተቀያየምን እንዴ?»

«ሥልጠና ወስጀ ነው።»

«የአዘናው ሰውየስ?»

ጋሽ ይሄይስ እንደ ተማሪ አቀረቀሩ። «እሱን ማንሣት ክልክል ነው» አሉ።

«በሽተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ጠየቅሁ።»

ፈቃድ የምሰጥ ይመስል እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ እሷ ተመለሱ።

«እንደኔ ያለ በሽታ ይዞት ያውቃል?» አለች።

«ይዞታል።»

«ዳነ?»

ያን ክፍል የረገጠ ሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነበረው። እግዜር ያውቃል፣ ጸበሉ አለ፣ እነ እገሌ ድነዋል። እኔም ያንኑ መልስ ጠበቅሁ።

«አልዳነም» አሉ ጋሽ ይሄይስ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። እህቴ በእጇ ምልክት አስቀመጠችኝ። ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም።

«ፈራ?»

«ፈራ እንጅ። መብረቅ ያልፈራ ሰው ያን ጊዜ ፈራ።»

«ምን አደረገ ታዲያ?»

ጋሽ ይሄይስ ከዘራቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ። «ለወንድሙ ነገረው» አሉ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ትዕዛዙ፣ ፈርቻለሁ» አለች። ከዚያ ያ ስንት ሳምንት አፏ ላይ ተንጠልጥሎ የቆየው ሁሉ ወረደ። ባሕር ዳር ዳግመኛ እንዳልወስዳት፣ ከእናታችን አጠገብ እንዳስቀብራት፣ ማታ ማታ ብቻዋን ስትሆን ጣሪያው እንደሚከብዳት፣ እኔን ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ያለ ጥፋቴ መምታቷ እስከ ዛሬ እንደሚቆጫት። እኔ መምታቷን እንኳ አላስታውስም። እጇን ይዤ ዝም አልኩ። ሐኪም ልጥራ ብዬም አልተነሣሁም።

ጋሽ ይሄይስ ቀስ ብለው ሲወጡ በሩ ላይ ጠራቻቸው። «የሰውየው ወንድም ግን ምን አለ?»

«ዝም አለ» አሉ። «ጥሩ ወንድም ነበረው።»

በኋላ ለሲስተር ትህትና ሕግ መጣሳቸውን ሄደው ተናገሩ። «ማን ጠየቀ?» አለቻቸው። «እሷ» አሉ። «እንግዲያው አልጣሱም» ብላ ሸኘቻቸው።

እህቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ከዚያን ቀን በኋላ ከሰል አንሥተን አናውቅም፤ ያሳለፍነው ጊዜ አጭር ነበር፣ ግን የእኛ ነበር። ለቅሶው ላይ ጋሽ ይሄይስ አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ፣ «ይኸም ተመስገን ነው» እንኳ አላሉም። ናፈቀኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይናፍቀዋል ብሎ ማን ያስባል።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ አዘና ተመላልሻለሁ። ስለ ሰውዬው ማንንም አልጠየቅሁም። «የለም» ቢሉኝ የሚከፋኝ ይመስለኛል።

ሰሞኑን ባጄን አንጠልጥዬ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ደሴ የሚባል የዳንግላ ልጅ ታላቅ እህቱን ያስታምማል። ከክፍሏ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ሐኪም ልጠራ ነው ብሎ ነው የወጣው። በደኅና ነው የመጣሁት፣ ማንም አልሞተም አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዝም አልኩ። ብዙ ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ «እንዲህ ሁኖ የሚያውቅ ሰው አለ?» አለኝ።

«አዘና አንድ ሰውየ አውቃለሁ» አልኩት። «እህት ነበረችው።»