ለሆላንዳዊው የተቀመጥነው ለቅሶ

ሟቹን ሳታውቁ ለቅሶ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? አትዋሹኝ! የእኛ ሰፈር ሰው መጀመሪያ ይደርሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው በኋላ ነው። እኔም እዚሁ ላምበረት፣ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሮ አግዳሚ ተደርድሮ ሳይ ገባሁና «እግዜር ያጽናዎት» ብዬ፣ ፊቴን አጨፍግጌ ተቀመጥኩ።

ከጎኔ ያሉትን እማማ ዘነበችን «ሟች ምናቸው ነው?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ሆላንዳዊ ነው አሉ፤ ኳስ ተጫዋች። ምስኪን! ሰው አስቀይሞ አያውቅም።»

የት አውቀውት ነው? ደግሞስ ሆላንድ አገር ለሞተ ኳስ ተጫዋች ላምበረት ይለቀሳል? ግራ ገባኝ። ይባስ ብሎ አንዱ ጎረምሳ «ዞር ሲል እኮ ካሜራውን ሳይቀር ይሸውድ ነበር» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ከሰው ላለማነስ «እንደሱ ያለ አይፈጠርም!» አልኩ። አንድም ጨዋታውን አላየሁም።

ልወጣ ስል ጋሽ ታደሰን «ሲጫወት በቴሌቪዥን ያዩት ነበር?» አልኳቸው።

«ቴሌቪዥን ከየት አምጥተን? ታላቅ ወንድሜ ሰው ቤት አይቶ ይመጣና፣ እዚሁ ግቢ በካልሲ ኳስ እንደ ሆላንዳዊው እየዞረ ያሳየኝ ነበር።»

«ወንድምዎ አሁን የት አሉ?»

«እንጃ፤ በወጣበት ቀረ። ሞተ ብሎ ያረዳኝ ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ማን ሞቶ ነው?» ብትለኝ «የጋሽ ታደሰ ወንድም መሰለኝ» አልኳት።